የአዲስ አበባን ሰፈር ታሪክ ከድሮ ካርታና ከስልክ ማውጫ ማጥናት

በለንደን ወይም በፓሪስ የአንድን ጎዳና ታሪክ ለማጥናት የተነሣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በየዓመቱ ይታተም ከነበረው የነዋሪዎችና የነጋዴዎች ማውጫ ነው፤ የጎዳናውን ስም ገልጦ፣ የቤቱን ቁጥር ፈልጎ፣ በዚያ ዓመት ማን ምን ይሠራበት እንደነበር በአንድ መስመር ያነብባል። አዲስ አበባ ግን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ነዋሪዋን በሰፈር፣ በደብርና በታወቀ ሰው ግቢ ስታስታውቅ የኖረች ከተማ በመሆኗ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላፈራችም። ካርታዎች አሏት፤ ይሁን እንጂ በተለያዩ መንግሥታት፣ በተለያዩ ቋንቋዎችና ለተለያየ ዓላማ የተነሡ ስለሆኑ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሟልተው አይገኙም። ስለዚህ አጥኚው ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው ካርታዎቹን ማግኘትና በጥንቃቄ ማንበብ ሲሆን፣ ሁለተኛውና አድካሚው የሌለውን የነዋሪ ማውጫ ከልዩ ልዩ ሰነዶች አሰባስቦ ራሱ መሥራት ነው።

ከቤት ሳይወጡ የሚሠራው

ወደ ማንኛውም ቤተ መዛግብት ከመሄድ በፊት ሰፈሩ በየዘመኑ የተጠራባቸውን ስሞች በሙሉ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ካርታ የሚፈለገውም የሚነበበውም በስም ነውና። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር ያሉት ስሞች መኳንንቱና የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች ከነተከታዮቻቸው ቦታ ይዘው የሰፈሩበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ላጋር ከባቡሩ ጋር ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስና ፖፖላሬ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡና የወረራውን ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለውን፣ አሻራ የያዙ ናቸው። ከዚህ የተነሣ «ካዛንቺስ» የሚለውን ስም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ቦታውን የሚያገኘው በአቅራቢያው ባሉት ደብሮችና ወንዞች፣ እንዲሁም ከታላቁ ቤተ መንግሥት ባለው ርቀት ነው።

የአስተዳደር ስሞች ከዚህ ይበልጥ ያደናግራሉ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌዎችን ካስገኘ በኋላ አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፋፈለች፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ከፍተኛዎቹ ቀርተው 28 ወረዳዎች ሆኑ፤ በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ በቅርቡም ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆነዋል። አንድ ቤት ምንም ሳይነቃነቅ ሦስትና አራት አድራሻ የተፈራረቀበት በዚህ ምክንያት ነው። «ወረዳ» የሚለው ቃል በ1980ዎቹ መጨረሻ በተጻፈ ሰነድ ላይና ዛሬ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ፍጹም የተለያየ ስፋት ያለውን አካባቢ እንደሚያመለክት ልብ ሊባል ይገባል። በቆዩ ግቢዎች በር ላይ አንዳንዴ የቀድሞው ቀበሌ የቤት ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ በአዲሱ ቁጥር ጎን እንደተቸነከረ ይገኛል። እንዲህ ያለውን በር ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ በኋላ ብዙ ልፋት ያስቀራል፤ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር የሚያገናኝ ማስረጃ ከዚያ ቆርቆሮ በቀር ሌላ ላይኖር ይችላልና።

ካርታዎቹ የሚገኙበት

በአገር ውስጥ የመጀመሪያው መድረሻ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውና በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። በዚያ ከካርታ ክምችቱ ባልተናነሰ የሚጠቅመው ስለ ከተማይቱ የተጻፉ ጥናቶች መኖራቸው ነው፤ በተለይ የአዲስ አበባ 100ኛ ዓመት ሲከበር በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የቀረቡት ጽሑፎች፣ ከእነዚህም መካከል የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ቀደምት ሰፈሮች አመሠራረት ያቀረቡት፣ የትኛው ካርታ መቼና በማን እንደተነሣ ፍንጭ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ሕዝብ ወመዘክር እያለ የሚጠራው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ የድሮ ጋዜጦችና የመሥሪያ ቤት ማኅደሮች የሚታዩት እዚያ ነው። ሦስተኛው የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ነው፤ ይህ መሥሪያ ቤት ስሙን ደጋግሞ ለውጦ ዛሬ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተጠቃልሏል። በ1፡50,000 መጠን የተዘጋጁት የመልክዐ ምድር ካርታዎችና የአየር ፎቶግራፎች ከእርሱ ይጠየቃሉ።

ወደነዚህ ቦታዎች ያለ ትብብር ደብዳቤ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ፣ ከወረዳ ወይም ከታወቀ ማኅበር ሊጻፍ ይችላል፤ ዋናው ነገር የሚፈለገው ሰነድ ዓይነት፣ የሚሸፍነው ዘመንና አካባቢ በግልጽ መጠቀሱ ነው። እግረ መንገድ አንድ ነገር ማንሣት ያሻል፤ በክፍለ ከተማ ወይም በማዘጋጃ ቤት መስኮት ላይ «የድሮ ካርታ ፈልጌ ነበር» ያለ ሰው የይዞታ ክርክር ያለበት ባለጉዳይ መስሎ ወደ ሌላ ቢሮ ይላካል። «የከተማው የቆየ ፕላን» ወይም «ማስተር ፕላን» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከአገር ውጭ ያለው ክምችት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ጣሊያን ነው። የጣሊያን ጦር የጂኦግራፊ ተቋም በፍሎረንስ፣ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ደግሞ በሮም የካርታ ክፍል አላቸው። የቀድሞው የጣሊያን የአፍሪካና የምሥራቅ ተቋም ከተዘጋ በኋላ መጻሕፍቱና ካርታዎቹ ወደ ሮም ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረዋል። የቅኝ አገዛዙ መሥሪያ ቤት ያከማቻቸው ካርታዎች የሚፈለጉት እዚያ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖች የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጂኦግራፊና የካርታ ክፍል ቅርብ ነው፤ የአንባቢ መታወቂያውም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጉዞ ለማይችል ሰው ደግሞ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ የተባለው ዲጂታል ክምችትና በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፔሪ ካስታኜዳ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚያወርዷቸው ካርታዎች ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

ከታተሙት መካከል ሁለቱን ለይቶ መጥቀስ ተገቢ ነው። በጣሊያን ሌጋሲዮን (የዲፕሎማቲክ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት) ሐኪም የነበረው ሊንኮልን ደ ካስትሮ በ1909 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ስለ አዲስ አበባ ከተማና አየር ንብረት ያሳተመው ጽሑፍ ለዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማ ዋቢ ነው። የጣሊያን ቱሪስት ማኅበር በ1938 እ.ኤ.አ. በሚላኖ ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ ደግሞ የዋና ዋና ከተሞችን ፕላን ይዟል፤ የወራሪው መንግሥት ሥራ እንደመሆኑ ጎዳናዎቹን በራሱ ስሞች የሚጠራ፣ የአገሬውን ሰው መኖሪያ ግን እምብዛም የማይዘረዝር መሆኑን እያስታወሱ ሊጠቀሙበት ይገባል።

የአየር ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከካርታ ይበልጣል፤ ካርታ ሠሪው ያልፈለገውን ትቶ የፈለገውን ያሰፍራል፣ ፎቶግራፍ ግን የጭቃ ቤቱንም የቆርቆሮ አጥሩንም እኩል ያሳያል። ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በኢትዮጵያ ላይ ያነሷቸው ፎቶግራፎች ከ8,000 በሚበልጡ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ፣ የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፈውበት በዲጂታል ተቀድተዋል። ለ1950ዎቹና ለ1960ዎቹ ዓ.ም. የሚሆነው ሌላ ምንጭ ኮሮና የተባለው የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ያነሣው ምስል ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ምስጢርነቱ ስለተነሣ በአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅኝት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ቦታውን በማመልከት መፈለግ ይቻላል። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ላለው የጉግል ኧርዝ የቀድሞ ምስሎች ይበቃሉ፤ እንደ ዶሮ ማነቂያ በቅርቡ የፈረሱትን ሰፈሮች ለማጥናትማ ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ ይኸው ነው።

ካርታውን ማንበብ

በካርታ ላይ የታተመ ዓመት ካለ በቅድሚያ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይረጋገጥ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን ሰፈር ከወረራው በፊት ወይም በኋላ ሊያደርገው ይችላል። ዓመት የሌለው ከሆነ በላዩ ላይ ካሉትና ከሌሉት ነገሮች ዘመኑን መገመት ይቻላል። የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ የሚባለው ቴአትር በ1948 ዓ.ም.፣ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቀዋል። የአውሮፕላን ማረፊያው ልደታ ላይ ብቻ ከተመለከተና ቦሌ ባዶ ሜዳ ከሆነ፣ ካርታው ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በፊት የተነሣ ነው። ስሞችም እንዲሁ ይመሰክራሉ፤ የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ጦር ኃይሎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል የካቲት 12፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንጦጦ ተብለዋል። «አብዮት አደባባይ» የሚል ካርታ የደርግ ዘመን ሲሆን፣ «መስቀል አደባባይ» የሚል ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ደግሞም አሳታሚዎች አሮጌ መሠረት ላይ አዲስ ስም እያተሙ ስለሚያወጡ፣ የስሞቹ ዓመትና የቤቶቹ ዓመት አንድ ላይሆን እንደሚችል መጠርጠር ደግ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የማስተር ፕላን ጉዳይ ነው። ለአዲስ አበባ የወጡት ፕላኖች ብዙ ናቸው፤ አርክቴክቱ ለኮርቡዚዬ በ1936 እ.ኤ.አ. የነደፈው፣ የጣሊያኖቹ የጉዊዲና የቫሌ፣ የእንግሊዛዊው አበርክሮምቢ የ1946 እ.ኤ.አ.፣ የቦልተን ሄነሲ የ1959 እ.ኤ.አ.፣ የፈረንሳዊው ደ ማሪየን የ1965 እ.ኤ.አ.፣ እንዲሁም የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁት የ1986 እ.ኤ.አ. ይገኙበታል። እነዚህ የነበረውን የሚያሳዩ ሳይሆኑ ሊሆን የታሰበውን የሚያሳዩ ናቸው። በፕላን ላይ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና አይቶ «በዚያ ዓመት እዚህ መንገድ ነበረ» ብሎ መጻፍ በአካባቢ ታሪክ ጽሑፎች ላይ ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለኛል፤ የለኮርቡዚዬ ንድፍ ከነጭራሹ አልተሠራም፣ የሌሎቹም በከፊል ብቻ ነው የተፈጸሙት። ፕላን ከመጠቀም በፊት በዚያው ዘመን ከተነሣ የአየር ፎቶግራፍ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

በጣሊያንኛ ካርታ ላይ ስም ለመፈለግ የአጻጻፉን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል። ጣሊያኖች የ«ወ»ን ድምፅ በ«ዩ» ፊደል፣ የ«ኪ»ንና የ«ኬ»ን ድምፅ በ«ሲ» እና በ«ኤች»፣ የ«ጊ»ንና የ«ጌ»ን በ«ጂ» እና በ«ኤች» ይጽፋሉ፤ «ጠ»ንና «ተ»ን፣ «ቀ»ንና «ከ»ን ግን አይለዩም። ስለዚህ ቀበናን፣ ቂርቆስንና ወንዙን ግንፍሌን በዲጂታል ዝርዝር ውስጥ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ አጣሁ ማለት አይገባም።

ካርታውን ከዛሬው ከተማ ጋር ለማመሳሰል እንደ ኪውጂአይኤስ ያለ ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ይበቃል። የድሮውን ካርታ ከዛሬው ጋር ለመቆንጠጫ የሚመረጡት ነጥቦች ከመንገድ መገናኛ ይልቅ አብያተ ክርስቲያናትና ድልድዮች ቢሆኑ ይመረጣል፤ መንገድ ሲሰፋ አደባባይ ይፈልሳል፣ ጊዮርጊስና ራስ መኮንን ድልድይ ግን በቦታቸው ናቸው። የኢትዮጵያ የመልክዐ ምድር ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት ላይ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ቁጥሮቹን በስልክ ላይ ካለው የጂፒኤስ ንባብ ጋር እንዳሉ ማነጻጸር ቦታውን ከ200 ሜትር ባላነሰ ፈቀቅ ያደርገዋል፤ በአራዳ ጥግግት 200 ሜትር ሌላ ሰፈር ማለት ነው። በሶፍትዌሩ ላይ «አዲንዳን፣ ዞን 37 ሰሜን» የሚለውን መምረጥ ችግሩን ይፈታዋል።

የሌለውን ማውጫ መሥራት

ለመንገድና ለነዋሪ ማውጫ የሚቀርበው የታተመ ሰነድ የስልክ ማውጫ ነው። የኢትዮጵያ የስልክ ማውጫ ሰዎችን የሚደረድረው በራሳቸው ስም እንጂ በአባት ስም ስላልሆነ፣ አንድን ቤተሰብ ለመከታተል የእያንዳንዱን አባል ስም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አድራሻው በብዛት የፖስታ ሣጥን ቁጥር በመሆኑ ቦታ አያሳይም፤ ቢሆንም የስልክ ቁጥሩ መነሻ አሃዞች መስመሩ ከየትኛው ማዕከል፣ ከአራዳ፣ ከፊልውሃ ወይም ከሌላ፣ እንደተሳበ ስለሚጠቁሙ ፍለጋውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያጠብባሉ። የንግድ ቤቶቹ ገጾች በሙያ የተከፋፈሉ በመሆናቸው ዳቦ ቤቱን፣ ማተሚያ ቤቱንና ፎቶ ቤቱን ከነባለቤቱ ስም ማግኘት ይቻላል። ስልክ የነበረው ሰው ጥቂት እንደነበረ ግን አይዘነጋ፤ በማውጫው ብቻ የተጻፈ የሰፈር ታሪክ የባለጸጎችና የመሥሪያ ቤቶች ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሮጌ ማውጫዎች ለስኳርና ለቆሎ መጠቅለያ ስላለቁ በብዛት አይገኙም፤ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ነጋዴዎችን ደጋግሞ መጠየቅ ያዋጣል።

ከወረራው በፊት ለነበሩት የውጭ አገር ነጋዴዎች፣ ለግሪኮች፣ ለአርመኖችና ለሕንዶች፣ አድሪያን ዜርቮስ በ1936 እ.ኤ.አ. በአሌክሳንድሪያ በፈረንሳይኛ ያሳተመው ጥራዝ የማውጫን ያህል ያገለግላል።

ለቀረው ሕዝብ የሚበጀው የይዞታ ሰነድ ነው። የአንድ ቆየት ያለ ይዞታ ወረቀት ዋጋው የባለቤቱን ስም በመያዙ ብቻ አይደለም፤ አዋሳኞችን መዘርዘሩ ነው። «በምሥራቅ የእገሌ ይዞታ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የእገሊት ይዞታ፣ በደቡብ ወንዝ» የሚል አንድ ወረቀት ሦስት ቤቶችን በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል። ከዚያ የሰሜኗን ባለይዞታ ልጆች ፈልጎ ወረቀታቸውን ሲያዩ የእነርሱ አዋሳኞች ደግሞ ሌሎች ሁለት ቤቶችን ይጨምራሉ፤ እንዲህ እየተሰናሰለ ሲሄድ በአምስት ወይም በስድስት ሰነድ አንድ ሙሉ መንገድ ይሞላል። በኮሮና ወይም በአየር ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት አጥሮች ከዚህ ሰንሰለት ጋር ሲገጥሙ፣ ስም አልባ የነበረው ምስል የባለቤቶቹን ስም ያገኛል። ሁለቱ ሰነዶች የማይስማሙበት ቦታ ሲገኝ ቶሎ ለማስታረቅ መቸኮል አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ሽያጭ፣ ውርስ ወይም የመንገድ ሥራ እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የተወረሱት ትርፍ ቤቶች ፋይል በኪራያቸው መጠን ተከፍሏል። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ገቡ፤ የኋለኛው መሥሪያ ቤት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይባላል። ትልቁን ቪላ በወረዳው መዝገብ ቤት፣ ጓሮ ያለውን ሰርቪስ በኮርፖሬሽኑ መፈለግ ያለ ውጤት የሚያደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዜጣም አይናቅ። በብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ላይ የወጡ የሱቅ ማስታወቂያዎች ቦታውን ከታወቀ ቤት ወይም ደብር ጋር እያያዙ ሲገልጹ፣ በአዲስ ዘመን የሚወጡ የሐራጅና የፍርድ ቤት ማስታወቂያዎች ደግሞ ከፍተኛውን ወይም ወረዳውን፣ ቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር ከነባለቤቱ ስም ያትማሉ። ንባቡ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የቤት ቁጥርና የሰው ስም በሕትመት አንድ ላይ ከሚገኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

በመጨረሻ የእድር መዝገብ አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ለነዋሪ ማውጫ የሚቀርበው እርሱ ነው። ጥሩ ጸሐፊ የነበረው እድር አባላቱን ከነመዋጮአቸው ለዓመታት መዝግቦ ይገኛል፤ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ስም ወደ ሚስት ወይም ወደ ልጅ እንደተዛወረ ይታያል፤ ስልክም ይዞታም ያልነበረው ተከራይ ስሙ የሚገኘው እዚያ ነው። መዝገቡ የሚገኘው በዳኛው ወይም በጸሐፊው ቤት ስለሆነ በደብዳቤ ሳይሆን በሽማግሌ ይጠየቃል። ከቤት አውጥቶ መውሰድ አይገባም፤ እዚያው በባለቤቱ ፊት ገጹን በሙሉ ከነኅዳጉ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የፋይሉን ስም በእድሩ ስም፣ በጥራዙና በገጹ ቁጥር መሰየም፣ የተቀዳውንም በፍላሽ ለጸሐፊው ማስረከብ ያስፈልጋል። በሕይወት ያሉ ሰዎች የመዋጮ እዳና ቅጣት በመዝገቡ ላይ ስለሚታይ፣ ከቤተሰቡ ፈቃድ ሳይገኝ ከስምና ከቤት በቀር ምንም ለሕትመት አይወጣም።